በኡም ሱማቅ የተካሄደ መፈንቅለ መንግሥት

ሐጂ ዩኑስ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሳልማ ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ። «አባቴ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሄደ» አለች በዐረብኛ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። አጽናናኋት፤ ቀብሩ ከቀትር ሶላት በኋላ መሆኑን ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።

አማን ውስጥ ለአንድ የዜና ወኪል ስሠራ ብዙ የሞት ዜና ጽፌአለሁ። የሚኒስትር፣ የጄኔራል፣ የዘፋኝ። አሠራሩ አንድ ነው። ማን ሞተ፣ የት፣ መቼ፣ በምንስ ይታወቅ ነበር? ስለ ሐጂ ዩኑስ የሚጻፈው አጭር ነው። ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጉ፣ ቤጂንግ ተወልደው አማን የሞቱ፣ ሁዊ ከሚባሉት ሙስሊም ቻይናውያን ወገን የሆኑ፣ ማርካ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በእጅ የሚሳብ ፓስታ እየሠሩ ሲሸጡ የኖሩ ሰው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሰውየውን ግን አያሳይም። ስለዚህ በዜና ያልጻፍኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያስተዋወቀችን ታደለች ናት። ታደለች የሆሳዕና ልጅ ናት፤ እሳቸውን ልትጦር እዚያው ቤት እያደረች ትሠራ ነበር። ማርካ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰቡበት የጸሎት ቤት አለ፤ ስለ እነሱ ዘገባ ስሠራ ስልክ ቁጥሬን ወስዳ ነበር። ከወራት በኋላ ደወለች።

«ጋሼ፣ የኔ ሽማግሌ ጋዜጠኛ ይፈልጋል።»

«ለምን?»

«ጦርነት ሊያወራ። እኔ ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ሞላ። አሁን ሌላ ጆሮ አምጪ እያለኝ ነው።»

«የየት አገር ጦርነት?»

«የቻይና። እሱ ራሱ ከመወለዱ በፊት የተደረገ ነው የሚለው። ይምጡና ይስሙት እንጂ፣ እኔ ምን አውቄ!»

ሄድኩ። ቤቱ ኡም ሱማቅ በሚባል የአማን ሰፈር ነው፤ ነጭ ድንጋይ የለበሰ፣ የብረት በር ያለው፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት። በሩን ኣቡ ሰዒድ የሚባሉ ግብፃዊ ዘበኛ ይጠብቃሉ። ሳልማ ባሏ የሞተባት፣ የራሷን ፋርማሲ የምታስተዳድር ሴት ናት፤ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረችም። ሽማግሌው ላይኛው ክፍል በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው የፈላ ውኃ ይጠጡ ነበር። ሻይ አይደለም፣ ውኃ። ለእንግዳም የሚያቀርቡት ያንኑ ነበር። «ሻይ ሰውን ያስዋሻል። ውኃ የሚጠጣ ሰው የሚያወራው ያለውን ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ዐረብኛቸው የማርካ ነው፤ የገበያና የሹፌር ዐረብኛ።

«ያ ኡስታዝ፣» አሉኝ፤ የተማረ ሰው የሚጠራበት ነው፣ እስከ መጨረሻው ሌላ ስም አልሰጡኝም። «መፈንቅለ መንግሥት አይተህ ታውቃለህ?»

«ሁለት ዘግቤአለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ቅረብ።»

ታደለች ዮርዳኖሶች ብዝር የሚሉትን የተቆላ ፍሬ በሰፊ ሰሃን አቀረበች። ሐጂው የውኃ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው መሐል አኖሩ። «ይህ ዋና ከተማው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ቻይና ጄኔራሎች እንደ ቅርጫ ሥጋ የተከፋፈሏት አገር ነበረች። ቤጂንግ ውስጥ በጉቦ የተመረጠ ፕሬዚዳንት አለ። ያለው ማኅተም ብቻ ነው። ጦሩ የዚህኛው ነው።» ነጭ የዱባ ፍሬ ደረደሩ። በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጥቁር የሐብሐብ ፍሬ ከመሩ፤ የማንቹሪያው ጄኔራል ጦር ነው። ነጩ ጥቁሩን ሊወጋ ዘመተ። ከዚያ ጥቂት የተቆላ ሽምብራ ለብቻ አስቀመጡ። «ይህ የነጩ የበታች ነው። በተራራው በኩል ሂድ ተባለ። ሄደ። መንገድ ልጠግን እያለ፣ ዳገቱ ከበደኝ እያለ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ጌታው ግንባር ላይ በደንብ እስኪጠመድ ጠበቀ። ከዚያ…» በመዳፋቸው ሽምብራውን በሙሉ ወደ ብርጭቆው አዞሩት።

«ባባ፣ የማንቹሪያን ጦር በላሁት» አለች ታደለች ከወንበራቸው ኋላ ሆና።

«ጦርነቱን እያበላሸሽው ነው!»

«ምሳ ሳይደርስ ጦር በሰሃን ማን አቅርብ አለህ?»

ሐጂው አልሳቁም፤ የቀረውን ጥቁር ፍሬ ግን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ቀጠሉ። የዞረው ጦር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ቆርጦ፣ ወታደሮቹ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ገባ። የከተማው በር ከውስጥ ተከፈተለት። ጥይት አልተተኮሰም። ሕዝቡ ጠዋት ሲነሣ በየመንገዱ ጥግ ነጭ ጨርቅ ያሰረ ወታደር ቆሟል፤ ፕሬዚዳንቱ በቤተ መንግሥቱ ሐይቅ ላይ ባለች ደሴት ታስሯል። ግንባር ላይ የነበረው ነጩ ጄኔራል ከኋላው ተከድቶ ተሸነፈ።

«የዞረው ጄኔራል ክርስቲያን ነበር» አሉ ሐጂው። «ወታደሮቹን መዝሙር እያዘመረ ነበር የሚያስጉዛቸው።»

«ታዲያ ጴንጤ ነዋ!» አለች ታደለች ፊቷ በርቶ።

«ጴንጤ ምንድን ነው?»

«እንደኔ።»

ሽማግሌው ዞረው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺስ ማንን ልትገለብጪ ነው?»

«መዳምን!» አለችና አፏን ይዛ ወደ ማብሰያ ቤቱ ሮጠች።

ያን ቀን ልሰናበት ስነሣ እጄን ያዙኝ። «የከተማውን በር ከከፈቱት አንዱ አባቴ ነው። የበሩ ጥበቃ ወጣት መኮንን ነበር።»

ተመልሼ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አገላበጥኩ። የጦሩ መዞር፣ የተቆረጠው ሽቦ፣ ነጩ ጨርቅ፣ በሩ ከውስጥ መከፈቱ፣ ሁሉም በተለያዩ ምንጮች ተረጋገጠ። የአንድ ወጣት መኮንን ስም ግን የትም አላገኘሁም። በሚቀጥለው ጊዜ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ስለዚህ ውሸታም ነኝ?»

«አይደሉም። ያልተረጋገጠ ነው።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እናቴ ‘አባትህ አርበኛ ነው’ ትል ነበር። አጎቴ ‘ወንድሜ ከዳተኛ ነው’ ይል ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ‘ያልተረጋገጠ’ ያልከው አንተ የመጀመሪያው ነህ። አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።» ከውኃቸው ተጎነጩ። «ከፍቷል። በዚህ ጥርጥር የለኝም። የምፈልገው ሌላ ነው። ጌታው ቁልፉን በእጁ ያስረከበው ሰው ነበር፤ አብረው ከአንድ ሳህን በልተዋል። በሩን ሲከፍት ልቡ ምን አለው? ልጅ ሆኜ ስጠይቀው ተነሥቶ ይወጣ ነበር። እሱ ሞተ። እኔ አጎቴ ለሐጅ ሲመጣ ተከትዬ መጥቼ፣ ከኋላችን ኮሚኒስቶች አገሩን ያዙና ከመካ አማን መጥቼ ቀረሁ። ጥያቄውን ይዤ አረጀሁ።»

እንደዚያ ሆነን ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተመላለስኩ። ዘገባው አልተጻፈም፤ አለቃዬም መጠየቅ ተወ። እኔ ግን ሥራ ባልበዛብኝ ሳምንት ሁሉ ሄጄ ውኃ እጠጣ ነበር። የሐጂ ዩኑስ ዓመል የሚያዝናና ብቻ አልነበረም። ቂም ይይዛሉ፤ ማርካ ሳሉ ለፓስታቸው ኬቻፕ የጠየቀ አንድ አብራሪን እስከ መጨረሻው ይቅር አላሉትም። ከታደለች ሌላ ማንም እንዲያጥባቸው አይፈቅዱም። የእሷ አባት በደርግ ጊዜ ወታደር እንደነበሩ፣ ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው ተጉዘው አገራቸው እንደገቡ ከሰሙ ጀምሮ ደግሞ «የወታደር ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። «አባትሽ መሣሪያውን የት ጣለ? ሲጥለው ምን አለ?» እያሉ ያስጨንቋታል። «ባባ፣ እሱም እንደ አባትህ ነው፤ አይናገርም» ትላቸዋለች።

እኚሁ የታደለች አባት ታመሙ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እናቷ ቀድመው ሞተዋል፤ ሌላ ልጅ የለም። ውሏ አልቆ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ፓስፖርቷ ሳልማ ክፍል የተቆለፈ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ቀን የሐጂውን እግር እያጠበች እንባዋ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ምን ሆንሽ ሲሏት፣ «ባባ፣ እኔ እዚህ የሰው አባት አጥባለሁ፤ የኔን አባት እዚያ ጎረቤት ያጥበዋል» አለቻቸው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲነግሩኝ ዐይኔን አላዩም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

በሚቀጥለው ዓርብ ምሳ ላይ ሳልማን ጠየቋት። እኔም ነበርኩ። «ልጅቷ ትሂድ» አሉ ያለ ምንም መንደርደሪያ።

ሳልማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ባባ፣ ከእሷ በፊት የነበረችውን ረሳሃት? ወድቀህ ዳሌህ ሲሰበር ሌላ ክፍል ስልክ ታወራ ነበር። ሌላ ሰው ይምጣ፣ ትልመድህ፣ ከዚያ ትሄዳለች።»

«ይህን ከረመዳን በፊት ብለሻል።»

«አሁንም እላለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጋዜጠኛ ነህ፣ ክፉ አድርገህ ትጽፈኝ ይሆናል። አንድ ሳምንት ና፣ ፋርማሲውንም አባቴንም ያዝ፣ ከዚያ ጻፍ።»

የሠራተኛ ፓስፖርት መያዝ ሕጉ እንደማይፈቅድ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች። መልሷ ይኸው ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ጭካኔ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ወንድሞቿ ካናዳ ናቸው። የአባቷ ሕይወት በእሷ ጫንቃ ላይ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሸክሙን በታደለች ጫንቃ ላይ አሳርፋ ነበር። ያን ሰሞን ኣቡ ሰዒድን «ታደለች ሻንጣ ይዛ እንዳትወጣ» ብላ አዘዘቻቸው።

ከዚያ የሳልማ ልጅ ኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ሆነና ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ዩኑስ ደወሉልኝ።

«ጦሩ ግንባር ዘምቷል» አሉ።

ገባኝ። «ሐጂ፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። አያለሁ እንጂ አልገባበትም» አልኳቸው።

«ጥሩ። መጥተህ ተመልከት። መኪና ግን ይዘህ ና።»

ስደርስ ሰውየው ኮት ለብሰዋል። ከመኝታ ቤታቸው ሳይወጡ ሰንብተዋል፤ ያን ቀን ግን በምርኩዝ ቆመው ጠበቁኝ። ክንዳቸው ላይ ከትራስ ልብስ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ታደለችም አንድ ታስሮላታል፤ ዐይኗ አብጧል፤ ስታየኝ ግን ሳቋ መጣ። «ጋሼ፣ ይህን ጉድ ይዩልኝ። ተማርኬአለሁ መሰል።» የአዲስ አበባው በረራ ከቀትር በኋላ ነው። ትኬቱን ሐጂው ማርካ ሳሉ በሚያውቁት የጉዞ ወኪል በኩል አስቆርጠው ጨርሰዋል። እስከዚያ ቀን ጠዋት ለእሷም አልነገሯትም። ሽቦ መቁረጥ ይሉታል።

የሳልማ ክፍል ክፍት ነው፤ ቁምሳጥኑ ግን ተቆልፏል። ሐጂው ወደ ቁምሳጥኑ አልሄዱም። በክፍሉ ጥግ የሟች ባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና አለ። ከመኪናው ሥር ካለው ትንሽ መሳቢያ ፊት ቆሙና ቆዩ። እጃቸው መሳቢያው ላይ ነው፤ አይስቡትም።

«ልጄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የምትደብቀውን ሁሉ የምታኖረው እዚህ ነው» አሉ። «ከረሜላ። የወደቀችበትን የፈተና ወረቀት። የባሏን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ። አውቅ ነበር። ማወቄን ግን አንድም ቀን አላሳየኋትም። እናቷም ታውቅ ነበር። ቃል ሳንገባ የገባነው ቃል ነው።»

ታደለች «ባባ፣ ይቅር። እታገሣለሁ» አለች።

«የወታደር ልጅ፣ ዝም በዪ» አሉና መሳቢያውን ሳቡት። ቁልፉ ከክር ጥቅሎች መሐል ነበር።

ፓስፖርቱ ሲወጣ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ታደለች በሁለት እጇ ተቀበለች። ሐጂው የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በዝግታ፣ ለማንም ባልሆነ ድምፅ፣ «የፈራው ጄኔራሉን አልነበረም» አሉ። «ጥይትም አልነበረም። ያመነውን ሰው ፊት ነው የፈራው።» ያን ጊዜ ስለ ማን እንደሚያወሩ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ደረጃውን ሲወርዱ ታደለች በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆንን። እዚሁ ተሰናብተዋት ላይ ይቆዩ ብላቸው እምቢ አሉ። ብረት በሩ ተቆልፏል። ኣቡ ሰዒድ ሻንጣውን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ሐጂ፣ እርስዎን እምቢ ማለት አልችልም። መዳም ደግሞ እንጀራዬን ትቆርጣለች። ልጆች አሉኝ።»

«ልጄ ‘አትክፈት’ ያለችው ማንን ነው?»

«እኔን።»

«እንግዲያው አንተ አትክፈት። ቁልፉን ስጠኝ።»

«ብሰጥዎትስ ያው አይደለም?»

«ያው አይደለም» አሉ ሐጂ ዩኑስ። እያለከለኩ ነበር የሚናገሩት። «አባቴ አንተ የቆምክበት ቦታ ቆሞ ነበር። ሰዎች መጥተው ክፈት አሉት፤ ከፈተ። ጄኔራሉ ታሪክ ላይ ተጻፈ። ስድቡ ለአባቴ ተረፈ። የጠየቁት ሰዎች በገዛ እጃቸው ቢከፍቱት ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አልጠይቅም ነበር። ያንተ ልጆች ስለ አንተ እንዲጠይቁ አልፈልግም። አምጣ።»

ኣቡ ሰዒድ ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ዘረጉ። ቁልፉ የመቆለፊያውን አፍ ደጋግሞ ሳተ። ልረዳቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ።

«ተመልከት ነው ያልኩህ» አሉኝ ሳይዞሩ።

ቆምኩ። በመጨረሻ ቁልፉ ገባ። ሁለት ጊዜ አዞሩት፤ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱት። ታደለች ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ክንዷ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ እሳቸው ፈቱላት። «ወታደር ጨርቅ አስሮ አገሩ አይገባም» አሏት። «ሂጂ። አባትሽ ከመሞቱ በፊት ጠይቂው። ካልመለሰልሽም ዝም ብለሽ እጠቢው።»

አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኳት። መግቢያው ላይ ስትደርስ «ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ማን ያገላብጠዋል?» አለች። ኣቡ ሰዒድና እኔ ተራ እንደምንገባ ነገርኳት። አላመነችኝም። ልክ ነበረች፤ ሐጂው ሁለታችንንም አላስነኩም። ሳልማ እስክትመለስ ድረስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያንቀላፉት።

ሳልማ የምትመለስ ዕለት እንድገኝ ጠሩኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ «ጄኔራሉ ፕሬዚዳንቱን ደሴት ላይ አስቀመጠና ሌላ ሰው ላከበት። እኔ ፊቷን ማየት አለብኝ። አንተ ደግሞ ሸሽቼ እንደሆነ መስክር» አሉ። ሳልማ ሻንጣዋን ጥላ ገባች፣ አባቷን ሳመች፣ ወደ ማብሰያ ቤቱ ተጣራች። መልስ የለም።

«ላክኋት» አሉ ሐጂው።

«ፓስፖርቷስ?»

«ሰጠኋት። ኣቡ ሰዒድ የሠራው የለም፤ ቁልፉን ወስጄ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከየት አገኘህ?»

ሐጂው ወደ ክፍሏ በር አዩ። ከዚያ እንደገባት አየሁ፤ ፊቷ የትንሽ ልጅ ፊት ሆነ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከከረሜላው ጀምሮ።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የቁልፉ ድምፅ ተሰማ። ሐጂ ዩኑስ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ልቡ ምን እንዳለው አወቅሁ» አሉ። «ለመጽሐፍ አይሆንም። ሂድ ወደ ቤትህ።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ምን እንደተደረገ በከፊል ነው የማውቀው። ሳልማ ለሳምንታት ለአባቷ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል አልተናገረችም። አዲስ ሠራተኛ መጣች፤ ሐጂው አላስነካ አሉ። አንድ ጠዋት ሳልማ የፈላ ውኃ በብርጭቆ፣ የታጠፈ ፎጣ በክንዷ ይዛ ገባች። አባቷ ሲታጠቡ እንዴት እንደሚያዙ አታውቅም ነበር። ለታደለች በቪዲዮ ደወለችላት። ታደለች ሆሳዕና ላይ የአባቷን ልብስ እያሰጣች ነበር። «መዳም፣ በግራ አታገላብጪው፣ ዳሌው ነው። መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ ፊቱን። ሲቆጣ ጦርነቱን ጠይቂው፤ እያወራ ያልቅልሻል።» ሳልማ የአባቷን ጦርነት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሸሸው የኖረች ናት። በዚያ ወቅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችው። የታደለች አባት በጥር ሞቱ። ሐጂ ዩኑስ ሲሰሙ ስልኩን አስይዘው በማታውቀው ቋንቋ፣ በቻይንኛ፣ ጥቂት ቃል ተናገሯት። ምን እንዳሉ ለማንም አልተረጎሙም።

በቀብሩ ማግስት ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ሥር ነበርን። ሳልማ እስከ በሩ ደጃፍ ወጥታ አስጠራችኝ። ስልኳ በእጇ ነው።

«ለታደለች ልደውልላት ነው።»

«አትደውዪ» አልኳት።

ቅንድቧ ተነሣ። በእኛ አገር የሥጋ ዘመድ ሲሞት በስልክ እንደማይነገር አስረዳኋት። መርዶ ይባላል። ሰውየው ብቻውን ሳለ፣ እየሠራም ሆነ መንገድ ላይ ሳለ አይነገረውም። ለሽማግሌዎችና ለጎረቤት በምሥጢር ይነገራል፤ እነሱ ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ ከደጁ ይደርሳሉ፤ ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው ዙሪያውን ከሞላ በኋላ ነው የሚነገረው። ደግሞም፣ አልኳት፣ ይህ የሚደረገው ለሥጋ ዘመድ ነው። ለአሠሪ አይደረግም። ስልክ መደወል ትችያለሽ ብል ስሕተት አይሆንም፤ ማንም አይወቅስሽም።

ሳልማ ስልኳን ኪሷ ከተተችው። ድንኳኑ ሥር የተቀመጡትን ሰዎች ለጥቂት ጊዜ አየች። «ይቅር አላልኩትም» አለች። «እሱም አልጠየቀኝም። ይህን ጻፍ፣ እውነት ነው።» ከዚያ፣ «እነዚያን ሽማግሌዎች ፈልግልኝ። እንደ ልጅ ይነገራት» አለች።

ሆሳዕና ያለውን የጸሎት ቤቷን ሽማግሌ ስልክ አገኘሁ። እንግዳ ጥያቄ ነው ብለው አልመለሱኝም። የሟቹን ስም፣ ሃይማኖት፣ ዕድሜ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። «ሙስሊም፣ ቻይናዊ፣ ዮርዳኖስ ውስጥ» ብለው ለራሳቸው ደገሙትና፣ «እሺ፣ ነገ ጠዋት እንነግራታለን» አሉኝ።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነገሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሽማግሌውና አንዲት ጎረቤት፤ ቃላቸው ይገጥማል። ሰዎቹ ጎሕ ሲቀድ ግቢዋ ገቡ። ታደለች በሩን ከፍታ ስታያቸው እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ምነው? ማን ሞተብኝ?»

«አባትሽ» አሉ ሽማግሌው።

ግራ ገብቷት አየቻቸው። «አባቴንማ በጥር ቀበርን። እናንተው አይደላችሁ እንዴ የቀበራችሁት?»

«የአማኑ» አሏት።

ታደለች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት። ካሉት መሐል ሰውየውን ያየ ማንም አልነበረም። አንዷ አሮጊት ጎንበስ ብላ «ስሙን ንገሪን፣ እንድናለቅስለት» አለቻት። ነገረቻቸው። ሴቶቹም ሐጂ ዩኑስ፣ ሐጂ ዩኑስ እያሉ እስከ ረፋድ አለቀሱላቸው።